በኦፔራው ደጅ የወለቀ ጫማ

የተወለወለ የእንጨት ወለል ሲሸተኝ የእማዬ ባዶ እግር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ፣ ኮቪድ ገለል ሲል፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ መሃል ባለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የጣሊያን ኦፔራ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ደጁ ላይ ጫማዋን አወለቀች።

«ማሚ፣ ፕሊስ! ሾው እኮ ነው!» አልኳት፣ ሰው ሁሉ ሲያየን አፍሬ።

«ቤቱን ለዘፈን ቢያውሱትም ባለቤቱ አልወጣም» አለችኝ። አልገባኝም።

ዘፋኟ የመጨረሻውን ዜማ ወደ ጣሪያው ለቀቀችው። ጭብጨባው ሳይጀመር እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ዘፋኟ ግን ወደ እኛ ዞራ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሳች።

ዛሬ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ከትምህርት ቤቴ ልጆች ጋር ልዘምር ነው። እማዬ ከፊት ተቀምጣለች፤ ተመስገን፣ እልልታዋም አብሯት መጥቷል። ጫማዬን አወለቅኩ።