የረይስ አደም መለኪያ እንጨት

በዐባይ መሻገሪያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መቅዘፊያ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ተሰማ ዋና እችላለሁ፣ ክንዴም ብርቱ ነው ብዬ ከቡለን ድረስ መጥቻለሁ። የታንኳው አለቃ ረይስ አደም ግን በየክንዱ ምልክት የተቆረጠበት ረጅም እንጨት አስያዘኝና ከፊት አስቀመጠኝ።

«ይሄ የታንኳ ዓይን ነው» አለኝ። «ንከር፣ እይ፣ ቁጥሩን ጥራ። ያላ፣ እንሂድ!»

ረይስ፣ በዓረብኛ የመርከብ አለቃ፣ የምንለው እሱ የአሶሳ አገር ሰው ነው። ጉልበቱን የጨረሰው ግን ሱዳን ውስጥ፣ በወንዙ ላይ በሚመላለስ የጦር መርከብ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረው ሦስት የናስ ቁልፍ ያለው ኮትና የመርከብ ሥርዓት ነው። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ ይመረምረናል። ታንኳው ካልታጠበ፣ ገመዱ ካልተጠቀለለ የሚሻገር የለም። ሁለት ቀዛፊና አንድ እኔ ብቻ ሆነን ሳለ፣ መቶ መርከበኛ የሚያዝ ነበር የሚመስለው። በልባችን ብንስቅም እንፈራዋለን፤ እንወደዋለንም።

እሱ መሪውን ይዞ ከኋላ ስለሚቀመጥ ከፊት ያለውን ውሃ አያይም። የሚሄደው በእኔ ድምፅ ነው። «ስድስት!» ካልኩ ውሃው ስድስት ክንድ ጥልቅ ነው ማለት ነው፣ ይቀጥላል፤ «ሁለት!» ካልኩ ይዞራል። በቀን አራቴ ብንሻገር አራቴም መለካት አለብኝ።

አንድ ቀን አንድ ባሻ ሦስት ወታደሮች አስከትሎ ወደ አሶሳ ሊያልፍ መጣ። ጎርፉ ከጎደለ ገና ጥቂት ቀኑ ነበር። ስለካ አየኝና ሳቀ።

«ሰውዬ፣ በየቀኑ የምትሻገረውን ውሃ ዛሬም ትቆጥራለህ? ያልቅብኛል ብለህ ነው?»

ወታደሮቹ አውካኩ። ፊቴ ፍም መሰለ። እንጨቱን ከውሃው በላይ ያዝኩና በቃሌ የማውቀውን መጥራት ጀመርኩ። «ስድስት! አምስት! አምስት!»

ጎርፉ አዲስ የአሸዋ ክምር ጥሎ ሄዶ ኖሯል። ታንኳው ተሰካ፤ ውሃው በጎን መታንና አንዱ ወታደር ተስፈንጥሮ ወደቀ። እኔ እንጨቱን አቅፌ ደርቄ ቀረሁ። ረይስ ከነኮቱ ዘለለ። ስልሳ ያለፈው ሰው ወታደሩን በቀበቶው ይዞ፣ እየሰጠመ እየወጣ ዳር አደረሰው።

ታንኳውን አላቅቀን ስንደርስ ባሻው ተቆጥቶ ነበር። «ጥፋተኛው ማነው? ቆጣሪው ነው?»

ረይስ እንጨቱን ከእጄ ወሰደ። መዳፉን ከታች እስከ መካከሉ አሻሸበት። ደረቅ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሊደገፈው እንደፈለገ ሰው እንጨቱን ዳር ውሃው ውስጥ ተከለው፤ እስከ መካከሉ ረጠበ።

«ረይስ እኔ ነኝ» አለ። «ታንኳ መሬት ከነካ፣ ያጠፋው ረይስ ነው።»

ባሻው አምስት ጅራፍ አስገረፈው። ነፍሱን ያዳነለት ወታደር ፊቱን አዞረ። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያባርረኛል ብዬ ጓዜን ሸክፌ አደርኩ። ጠዋት ኮቱን ለብሶ መጣ፤ የኮቱ ጀርባ ላይ ደም ደርቋል። ታንኳውን መረመረ፤ ገመዱን አየ። በመጨረሻ እንጨቱን አነሣና ሰጠኝ።

«ረይስ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተሰማ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ያላ!»

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን እንጨቱን ዳስሶ አላየም። ቢዳስስ ይቀለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ዓይኑ ሲፈዝ ታንኳውን ለእኔ ተወልኝ። ማዶ ወደ ተዳረችው ልጁ ሊሄድ ተደግፎ የመጣ ዕለት መሪውን ለባልደረባዬ ሰጠሁና እንጨቱን እኔው ያዝኩ። ረይስ እንደ ተሻጋሪ ደንብ ከአጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አምስት!» ብዬ ጠራሁና ይዳስሰው ዘንድ እርጥቡን ጫፍ ወደ እጁ አስጠጋሁለት።

እጄን ገፋ አደረገው። «ለምን? አንተ ጠራህ፤ እኔ ሰማሁ። በቃ።»

ማዶ እስክንደርስ ፊቴን ወደ እሱ አላዞርኩም። እያለቀስኩ ነበር፤ ቁጥሩን ግን አላቋረጥኩም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። እንጨቱን ሳትነክሩ ቁጥር አትጥሩ።