ሰባተኛው ቤት

አባቴ ደሴ ውስጥ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። የወለቀ ይመልሳሉ፣ የተሰበረ ያስራሉ። እኔ ቅቤ አሙቄ አቀርባለሁ፤ ሕመምተኛው ሲጮህ ደግሞ ፊቴን ሳላዞር ቆሜ አያለሁ። ጎረቤቶቻችን ልቧ ድንጋይ ነው ይሉኝ ነበር። ድንጋይ አልነበረም፤ ማወቅ እወድ ነበር እንጂ።

አንድ የፋሲካ ሰሞን አባቴ የበጉን አንገት ከፊቴ አስቀምጠው "ቁጠሪ" አሉኝ። ሰባት አጥንት ሆነ። ሌላ ጊዜ የበሬ አንገት አመጡ። በሬ ግዙፍ ነውና ቢያንስ ዐሥር ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ፤ እሱም ሰባት። "የሰውስ?" አልኳቸው። የገዛ አንገቴን ከኋላ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ወረዱና ሰባት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ከሀ እስከ ሆ ሰባት፣ ከለ እስከ ሎ ሰባት፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ቀኑ ሰባት፣ አጽዋማቱ ሰባት፣ ራሴ ላይ ያለው ቀዳዳ እንኳ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አፍ ተብሎ ሲቆጠር ሰባት። አጥንቱን የሠራውና ፊደሉን የቀረጹት ሰዎች የተመካከሩ መሰለኝ። ለማን እንደምናገረው ጨነቀኝ። እናቴ "ሥራ ፈት!" ብላ ነው ያለፈችኝ።

ጣሊያን ከገባ ወዲህ የአባቴ ሥራ በዛ። መንገድ ሲሠራ ድንጋይ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። ትከሻው ወልቆ ከኮምቦልቻ በካሚዮን ተጭኖ የመጣ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ የኩታበር ሰው። አባቴ ክንዱን ሲስቡት ሌላው ሰው እናቱን ይጠራል፤ እሱ ግን እኔን እያየ "ቅቤው አረረ" አለኝ። እውነትም አርሮ ነበር። ለመታሸት ሲመላለስ ከርሞ፣ ትከሻው ከዳነ በኋላም መምጣቱን አልተወም። እኔም ቅቤ ማሳረሬን አልተውኩም።

ሽማግሌ ላከ። በእኛ ዘንድ ጋብቻ ከመቆረጡ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሁለቱ ወገኖች አንድ የዘር አባት ላይ ከተገናኙ፣ ከልጆቹ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲቆጠር በሁለቱም በኩል ሰባት ቤት መሙላት አለበት። ካልሞላ እህትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ተቆጠረና ተገናኘን። በእሱ በኩል ሰባት ሞላ። በእኛ በኩል የቆጠረችው የአባቴ እህት ነበረች፤ ጣቷን እያጠፈች ወጥታ እሷም ሰባት ላይ ደረሰች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ይህ ቁጥር ከአንገቴ አጥንት ተነሥቶ እስከ ትዳሬ መምጣቱ ገረመኝ። ለእኔ ብሎ የመጣም መሰለኝ።

አባቴ ግን ቆጠራው አላረካቸውም። አያታቸውን አላዩዋቸውም፤ እሳቸው ሳይወለዱ ነው የሞቱት። "እኔ በግምት ያሰርኩት አጥንት የለም" አሉና፣ የአያታቸው የወንድም ልጅ የሆኑ አንድ ሼክ ሐርቡ እንዳሉ ነገሩን። ያ ወገን በእስልምናው የቀረው ነው፤ ወሎ ውስጥ እንዲህ ሁለት ቦታ ያልተከፈለ ቤት ጥቂት ነው። "አንቺም ነይ፤ መቁጠር ትወጃለሽ" አሉኝ።

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ስንወርድ ከመንገዱ ዳር የግመል አጽም አገኘን። ፀሐይ አንጥታዋለች። አንገቱ ብቻ ቁመቴን ሊያክል ምንም አልቀረውም። "ይኼስ ሃያ ነው!" አልኩ። አባቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ተንበርክኬ ከላይ ወደ ታች ቆጠርኩ፤ አላመንኩም፣ ከታች ወደ ላይ ደገምኩ። ሰባት! እያንዳንዱ አጥንት ከስንዝር አያንስም፣ ግን ሰባት። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ አልሳቁብኝም፤ አማተቡ።

ሼኩ ደጃፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው። የግመሉን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"ሱብሐነላህ!" አሉ። "ፋቲሐስ በየሶላታችን የምንቀራት ሰባት አንቀጽ አይደለች? ካዕባን የሚዞሩትስ ሰባት ጊዜ አይደል? ሰማዩስ? ልጅ ሲወለድ እንኳ ስሙ በሰባተኛው ቀን ነው የሚወጣ።"

ለካ እነሱም ጋ አለ! በደስታ ላብድ ደረስኩ። ሼኩም ወደ አባቴ ዞረው ቀጠሉ።

"ያንተም አያት፣ አጎቴ፣ ስሙ በሰባተኛ ቀኑ ነው የወጣለት። ኋላ ክርስትና ሲነሣ ሌላ ስም አወጡለት እንጂ። እኔ ግን ወላሂ እስኪሞት ድረስ በፊተኛው ነበር የምጠራው።" ሁለቱንም ስም አከታትለው ጠሩ።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። አክስቴ አባትና ልጅ ናቸው ብላ ሁለት ቤት የቆጠረቻቸው ስሞች የአንድ ሰው ነበሩ። የእኛ ቤት ስድስት ነው።

ስንመለስ አባቴ እስከ ግመሉ አጽም ድረስ ቀድመውኝ ሄዱ። ከዚያ ሳያዩኝ "ሼኩ ደሴ አይመጡም" አሉ። "እህቴም ሰባት ብላለች፤ ሽማግሌዎቹም ተቀብለዋል።" እኚህ ስብራት ሳይዳብሱ የማያስሩ ሰው ለእኔ ሲሉ ሊዋሹ ተዘጋጅተው ነበር። ያን ጊዜ ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

"አንዱን አጥንት ሁለት ጊዜ ብቆጥረው ግመሉ ስምንት ይኖረው ነበር?" ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የኩታበሩን ሰው እንደምወደው ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በጉንም፣ ግመሉንም፣ ፊደሉንም ሰባት አድርጎ የሞላ እጅ የእኛን ቤት ስድስት ላይ ካቆመው፣ እኔ ማን ሆኜ ልሙላለት? ያን እጅ ፈራሁት።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ያ ድንጋይ ጠራቢ ሥራውን ትቶ መንገድ ዳር ሲጠብቀን አገኘነው። ከሩቅ ፈገግ ብሎ ነበር። አባቴ ወደ ጎን ወስደው ነገሩት። ወደ እኔ መጥቶ "ደህና ግቢ፣ እህቴ" አለኝ። ከዚያ በፊት እህቴ ብሎኝ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ለሌላ ሰው ተዳርኩ። ደግ ሰው ነበር፤ አልዋሽም። ሙሽራው ሲመጣ የሴቷ ወንድሞች እንደ ወጉ በሩን ይዘው ይከለክላሉ። ዘመድ ነውና ያ ድንጋይ ጠራቢም ተጠርቶ መጥቶ ከወንድሞቼ ጋር በሩ ላይ ቆመ። ከውስጥ ሆኜ ጀርባውን አየዋለሁ። ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ተዘፈነ፣ ተሳቀ፣ ወንድሞቼም አንድ በአንድ እየተገፉ በሩን ለቀቁ። እሱ ብቻ እጁን መቃኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። "በቃ፣ ወጉ ደርሷል፣ ልቀቅ!" አሉት፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። አልለቀቀም። በመጨረሻ አባቴ በሰው መሐል አልፈው መጡና እጁን ከመቃኑ ላይ ቀስ አድርገው አወረዱለት።