የአቶ ሆሪኮሺ ብርጭቆ

ጊቦ ሞሪቶኩን ዮሚታን በምትባለው የደሴት መንደራችን ውስጥ የማያውቀው የለም። አባቱ ደሴቲቱ ላይ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች የጣሉትን የቢራ ጠርሙስ እየለቀመ፣ አቅልጦ ብርጭቆ ሲሠራ እያየ ነው ያደገው። ሞሪቶኩም እጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ ችኩል ነው። ሲበላ ይቸኩላል፣ ሲነዳ ይቸኩላል። ሚስቱ ኖቡኮ «ይሄ ሰውዬ ሲወለድም አዋላጇን የጠበቀ አይመስለኝም» እያለች እኛ ሠራተኞቹ ፊት ታሾፍበታለች።

ከጊዜ በኋላ ብርጭቆ ሠርቶ ከመሸጥ ይልቅ መንገደኛን ማሠራት መተዳደሪያው ሆነ። ለሽርሽር የሚመጡ ሰዎች ጓንት አጥልቀው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ እሱ የቀለጠውን መስታወት በብረት ቱቦ ጫፍ ጠቅልሎ ያወጣላቸዋል፤ እነሱ ይነፋሉ። ከዚያ እጃቸውን በእጁ ደግፎ፣ የብርጭቆውን አፍ በትልቅ ወረንጦ ያስከፍታቸዋል። ብርጭቆው የዚያኑ ዕለት አይወሰድም። ሙቀቱ ቀስ እያለ የሚወርድ ሌላ ምድጃ ውስጥ ያድርና፣ ኖቡኮ በጋዜጣ ጠቅልላ ወደየቤታቸው በፖስታ ትልከዋለች።

አንድ የመጋቢት ቀን ከኒጋታ፣ ከዚያ ከበረዶው አገር፣ ባልና ሚስት መጡ። አቶ ሆሪኮሺ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሳንባቸው ስለታመመ ከመኪናው እስከ በራችን ለመድረስ እንኳ መሃል ላይ ቆመው ማረፍ ነበረባቸው። ሞሪቶኩ አዝኖላቸው እኔ ልንፋልዎት ቢላቸው እምቢ አሉ። የመጀመሪያው ትንፋሻቸው መስታወቱን ንቅንቅ አላደረገውም።

ሚስታቸው ወይዘሮ ፉሚዬ ከጎን ሆነው፣ «ትንፋሻቸውን በማንኮራፋት ጨርሰውት እኮ ነው» አሉ።

ሽማግሌው ሳቁ፣ ሳሉ፣ ደግመው ሞከሩ። መስታወቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀስ ብሎ ሞላ። አፉ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ አረንጓዴ ብርጭቆ ወጣቸው። ላባቸውን እየጠረጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነዱ ኖሩ እንጂ በእጃቸው አንድ ነገር ሠርተው እንደማያውቁ ለሞሪቶኩ አጫወቱት። ፉሚዬ እሳቸውን እንጂ ብርጭቆውን አላዩም።

በማግስቱ ጠዋት ለሆቴል የሚደርስ ሥራ ነበረበት። ኖቡኮ ገበያ ሄዳለች፤ እኛም ገና አልገባንም። ማሳደሪያው ምድጃ ገና ትኩስ ነው፤ ሞሪቶኩ ግን ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ያለሰዓቱ ከፈተው። ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ከውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማ። ከሁሉም የሽማግሌው ብርጭቆ ብቻ ከአፉ እስከ ታቹ ተሰንጥቋል።

እንዲህ ሲሆን የቤቱ ወግ የታወቀ ነው፤ ተደውሎ ይቅርታ ይጠየቃል። ሞሪቶኩም ስልኩን አንሥቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው። ለምን አሳዝኜ አስለቅሳቸዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ፤ የፈራው ግን ችኮላው እንዳይታወቅበት ነው። የተሰነጠቀውን ማቅለጫው ውስጥ ጣለው። ከዚያ ራሱ ነፍቶ፣ አፉንም ሆን ብሎ አንጋዶ፣ መሳዩን ሠራ። ኖቡኮ ምንም ሳትጠረጥር ጠቅልላ ላከችው። እሱም ረሳው።

በዓመቱ ፉሚዬ ብቻቸውን መጡ። ከቦርሳቸው በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት፤ ያው አረንጓዴ ብርጭቆ ነው። ባለቤታቸው በመከር ወራት እንዳረፉ፣ በየጠዋቱ እንደ ወጉ በዚህ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ፎቷቸው ፊት እንደሚያስቀምጡ፣ ሲከፋቸውም አፉን ከንፈራቸው ላይ እንደሚያሳርፉት ነገሩን።

«ትንፋሻቸው የቀረልኝ እዚህ ውስጥ ነው» አሉ። «አሁን ደግሞ የኔን ነፍቼ አጠገቡ ላቆም ነው የመጣሁት። እርስዎ ይያዙልኝ።»

ኖቡኮ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ሞሪቶኩ መስታወቱን ጠቅልሎ አወጣ፤ ቱቦውን ወደ ሴትዮዋ አፍ አስጠጋ። ከዚያ ግን የጋለውን መስታወት ወደ እሳቱ መለሰና ፊታቸው ቆመ።

«እመቤቴ፣ ይሄ እሳቸው የነፉት አይደለም። የሳቸውን ምድጃውን ቸኩዬ ከፍቼ ሰበርኩት። ይሄን የነፋሁት እኔ ነኝ።»

«የሳቸውስ የት አለ?»

«አቀለጥኩት።»

ፉሚዬ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አንሥተው አዩት። እስከዚያች ደቂቃ ሞሪቶኩን እርስዎ ይሉት ነበር።

«እንግዲያው ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ እንደምን አደሩ ስል የነበረው ላንተ ነዋ» አሉት።

ሞሪቶኩ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ።

«ተነሥ። መሬት ብትስም እሳቸው ተመልሰው አይነፉልኝም። ዛሬ ይቅርታ ከኔ አትጠብቅ። ብርጭቆዬን ግን ሳልሠራ አልሄድም፤ ሚስትህ ትያዝልኝ።»

ኖቡኮ ያዘችላቸው። ሞሪቶኩ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ጥግ ላይ ቆሞ አየ። የፉሚዬ ትንፋሽ ብርቱ ነበር፤ መስታወቱ በአንዴ ሞላ።

በማግስቱ ምድጃውን የከፈተችው ኖቡኮ ናት፤ በሰዓቱ። ፉሚዬ ብርጭቆአቸውን ተቀበሉ። ያኛውን፣ አሮጌውን፣ ትተውት የሚሄዱ መስሎን ነበር። በር ላይ ከደረሱ በኋላ ተመለሱና እሱንም ጠቀለሉት። ዓመት ሙሉ ስንቱን አውርቼበታለሁ፤ እንደገና ከየት ልጀምር አሏት ለኖቡኮ። ለሞሪቶኩ ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ታክሲው ውስጥ ገቡ።

ኖቡኮ ለብዙ ጊዜ ከሥራ በቀር አላነጋገረችውም። የከፋት መዋሸቱ ብቻ አልነበረም፤ ውሸቱን በእሷ እጅ አስጠቅልሎ መላኩ ነው። በብርዱ ወራት፣ ለአዲስ ዓመት፣ ሞሪቶኩ ኒጋታ ደወለ። ፉሚዬ ድምፁን ሲሰሙ ደህና ነኝ አሉና፣ በዚያ በኩል ትልቅ በረዶ መጣሉን ነግረውት፣ ስልኩን ዘጉ። ይቅርታ አደረግሁልህ አላሉትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀም።

ዛሬም ቢሆን ብርጭቆ መሰበሩ አልቀረም። ሲሰበር ግን ሞሪቶኩ ለማንም ሳይተው ራሱ ይደውላል። ባለፈው የአንዲት ልጅ ብርጭቆ ተሰንጥቆ ናጎያ ላለችው እናቷ ደወለ። ሴትዮዋ የተናደደች ነበረች፤ ልጄ ስንት ቀን ስትጠብቅ፣ ሥራችሁን የማታውቁ ከሆነ ሱቁን ለምን አትዘጉትም ብላ ስድቧን አወረደችበት። እሱ ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ እያየችው ይመስል እጅ እየነሣ፣ «አዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» እያለ እስክትጨርስ አዳመጣት።