ወደ ሰማይ ያልተተኮሰው ጥይት

በካምፓላ ምድር የፖሊስ ጠመንጃ አፈሙዝ በባዶ እጁ የጨበጠ ሐበሻ አንድ እኔ ብቻ ነኝ። ከጋባ ዓሣ ገበያ እስከ ሙየንጋ ኮረብታ ጫፍ ጠይቁ፤ የማያውቅ የለም። እንዴት አያውቅ? ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ ቤቴ በር ላይ የቆመ ሁሉ ከሽሮው በፊት ይህን ታሪክ ነው የሚጎርሰው። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ቢኖር ውሸት መሆኑን ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ እንዲያውም እሳቸው ታሪኩን ሰምተው "አንበሳ!" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኛል። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

እዚህ አገር መንታ የወለደች ሴት የራሷ ስም ይቀርና "ናሎንጎ" ትባላለች። ማዕረግ ነው። የእኔዋ ናሎንጎ ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር፣ ዓሣ ትጠብሳለች። መንቶቿ ባቢርዬና ናካቶ የሰባት ዓመት ሴት ልጆች ነበሩ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። እኔ ደንበኞቼን "ጾም ነው፣ ሽሮ ብሉ" እያልኩ፣ አመሻሹ ላይ ሹልክ ብዬ ተሻግሬ ከናሎንጎ አግዳሚ ላይ ጉብ እላለሁ።

"ሴቦ፣" ትለኛለች፤ ጌታው ማለቷ ነው፤ "ያንተ አምላክ መንገድ አይሻገርም እንዴ?"

የኮሮና ሰዓት እላፊ የታወጀ ሰሞን ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ዓሣ ጠባሽ ግን አትሮጥም፤ የፈላ ዘይት ይዞ የሚሮጥ የለም። ናሎንጎ ልጆቿን አስቀድማ ወደ ቤት ሰደደችና ዘይቱ እስኪበርድ ቀረች። ናካቶ የመጥበሻውን ክዳን ረስታ ኖሮ ተመለሰች። ናሎንጎ ጎንበስ ብላ ከሰሉን ታጠፋለች። አንድ ፖሊስ ከመንገዱ ማዕዘን ብቅ አለ። ጮኸ። ተኮሰ። ልጅቱ ክዳኑን እንደያዘች ወደቀች።

እናትየው ቀና ስትል ሁሉም አልቋል። ጠመንጃው እንዴት እንደተያዘ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ።

በነጋታው ምን አደረግሁ? አለቀስኩ፤ ይህቺ እንኳ እውነት ናት። በሳምንቱስ? አወራሁ። እኔ ሳላሳምር ማውራት የማልችል ሰው ነኝ፤ ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ ሦስት ሐኪም ተስፋ ቆርጦብኝ ነው የምድነው። መጀመሪያ "ጮህኩበት" አልኩ። ቀጥሎ "ሮጬ ደረስኩበት" አልኩ። ቀጥሎ ፖሊሱ ሦስት ሆነ። በመጨረሻ አፈሙዙን ጨበጥኩ።

"ጋሽ ታዬ፣ አላቃጠለዎትም?" አለኝ አንዱ፣ ምግቡ እስኪጠቀለልለት ቆሞ።

"ምን ጥያቄ ነው!" ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት። የድስት ጠባሳ አለብኝ።

ወሬ መንገድ ይሻገራል። ናሎንጎ ሰማች። መጥታ ፊቴ ተንበረከከች፤ እዚህ ሴት ስታመሰግን እንደዚያ ነው። "ለልጄ ከጠመንጃ ፊት ቆምክ" አለችኝ። ያን ጊዜ "ተነሺ እህቴ፣ ውሸት ነው" ማለት ምን ያቅታል? አቃተኝ። እኔ፣ አፍ እንጂ ሌላ ሀብት የሌለኝ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አቃተኝ።

የፖሊስን ጥፋት እንመረምራለን የሚሉ ሰዎች ጠሩኝ፤ ከእኔ ሌላ ሐበሻ በዚያ አልነበረም። ናሎንጎ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም የምግብ ቤቱን ታሪክ ከነቅመሙ ዘረገፍኩት። ጥይቱ እንደ ዝናብ ነበር አልኩ፤ የተገኘው ቀለህ አንድ ነው። ፖሊሶቹ ሦስት ነበሩ አልኩ፤ በዚያ መንገድ የተመደበው አንድ ነው።

"አፈሙዙን በየትኛው እጅ ያዝከው?" አለ መርማሪው።

"በቀኝ!"

"እስቲ አሳየን።"

ቀኝ መዳፌን ዘረጋሁ። ንጹሕ ነው። ጠባሳው ለካ በግራ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሲያስቅ የኖርኩት እኔ፣ እንደዚያ ቀን አስቄ አላውቅም። ናሎንጎ ብቻ አልሳቀችም።

"የሚታመን ምስክር አልተገኘም" ተባለና ጉዳዩ ተዘጋ። ፖሊሱ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ፣ ያውም ጠመንጃውን እንደያዘ! ለማስጠንቀቂያ ወደ ሰማይ ተኩሶ ጥይቱ ነጥሮ ነው አሉ። ወደ ሰማይ! ሰማይ የሰባት ዓመት ልጅ ደረት ላይ ነው እንዴ? የእኔ ውሸት ትልቅ ስለነበረ በአንድ ጥያቄ ተያዘ፤ የእነሱ ትንሽ ስለሆነች ማኅተም ተመታላት። መዳፌን ያገላበጠ መርማሪ የፖሊሱን ጠመንጃ ማገላበጥ ማን ከለከለው? እዚህ አገር መንታ ሞተ አይባልም፣ በረረ ነው የሚባለው። ናሎንጎም "ናካቶ በረረች" ትላለች። ጥይቱ ወደ ሰማይ፣ ልጅቱ ወደ ሰማይ፤ ምድር ላይ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ!

ግን በምን አፌ ነው የምቆጣው? በሩን የዘጉት እነሱ ቢሆኑም ቁልፉን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። አንዲት እውነት ይዤ ነበር፤ እኔ በዘጠኝ ውሸት ቀበርኳት።

ሰሞኑን የናሎንጎ ጠበቃ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሏል። "ያየ ሰው አለ?" እያለ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ እኔ በር ላይ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል። አልፈርድበትም። ነገ እኔ ራሴ እሄድለታለሁ። በአማርኛ የዋሸሁትን ግን መጀመሪያ በአማርኛ ላፍርሰው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የናሎንጎ ነው፤ እሷ ደግሞ ብትነፍገኝ ደግ አደረገች።

አልቆምኩም። አልሮጥኩም። ምንም አልጨበጥኩም። ፖሊሱ ሲጮህ ከናሎንጎ አግዳሚ ሥር በሆዴ ተኝቼ፣ በሁዳዴ የጎረስኩት ዓሣ አፌ ውስጥ ነበር። ልጅቱን እያየኋት "ተኚ!" አላልኳትም። ከዚያ ከመሬት ላይ ጠመንጃው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ወደ ሰማይ አልተነሣም፤ ቀጥ ብሎ ናካቶ ላይ ነበር። ይህን ያልተናገርኩት የት እንደነበርኩም መናገር ስለነበረብኝ ነው። ለሚስቴ የውሃ ጀሪካን ተደፋብኝ አልኳት። ጀሪካን አልነበረም። ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነው።