እናቴ ያጠበችው የዓሣ ገንዳ

ዛሬ ለምሳ ቤት ስገባ የዓሣ ገንዳዬ መስታወት ያበራል፤ አምስቱ ዓሦቼ ግን በጎናቸው ተንሳፍፈዋል።

ከአገና ልትጠይቀኝ ቡታጅራ የመጣችው እናቴ፣ "ያንን አረንጓዴ ልጋግ ፈትጌ አጠብኩልህ፤ ውሃውንም ከቧንቧ ቀየርኩት" አለችኝ።

"እማ፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው! ሁለት ቀን ካልተቀመጠ ይገድላቸዋል።"

"ታዲያ መቼ ነገርከኝ?"

እውነቷን ነው። በጀሪካን ያስቀመጥኩትን ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጬ ቶሎ አዛወርናቸው። አራቱ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ፤ አንዱ ሞተ።

እናቴ ከገንዳው አጠገብ ያለውን መስኮት አየች። "ፀሐይ እያበላኸው አረም መች ይለቅሃል?"

ሦስት ወር ከአልጌ ጋር ስታገል ይሄ አልታየኝም። (የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ እንዳትስቁ።)

ገንዳውን አብረን ከመስኮቱ አራቅነው።

እናንተስ፣ ልርዳ ብሎ ያጠፋባችሁ፣ ልትቆጡት ግን አንጀታችሁ ያልቻለ ሰው አለ?