የወይራ እጀታ

«ታዲያ በፒንሳ ይዛችሁ አዙሩታ!» አሉ ባለወፍጮው።

«አባባ፣ ፒንሳ ያዳልጣል። አንዴ ካዳለጠ ይሄ ዘንግ የእሳት መቆስቆሻ ነው የሚሆነው» አለ ጋሼ፣ አሠሪዬ። «ደግሞ ዛሬ ሚካኤል ነው። እጀታው ደህና ቢሆንስ ማን ማሽን ያስነሳል?»

የወፍጯቸው ዘንግ ግማሹ ተልጦ ከትናንት ጀምሮ ብረት መላጫ ማሽኑ፣ ቶርኖው ላይ እንደታሰረ ነው። ትናንት ማምሻውን ጋሼ ስለቱን ወደ ብረቱ ሊያስጠጋ ሲያዞር፣ እጀታው ከሥሩ ተቆርጦ መዳፉ ውስጥ ቀረ። መለዋወጫ እዚህ ዘመሮ ከተማ አይገኝም። የባለወፍጮው ሚስት የአርባ ቀን ተዝካር ደግሞ ደርሷል፤ እህሉ ነገ መፈጨት አለበት።

«ሌላ ወፍጮ ያስፈጩ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ዕድሜዋን ሙሉ የአገሩን እህል የፈጨች ሴት፣ ለተዝካሯ ሰው ደጅ ትሰለፍ?»

ዓይኔ የተደገፉት የወይራ ዱላ ላይ አረፈ።

«ምን ያፈዝሃል? ግጥም መጣልህ?» አለ ጋሼ።

«አባባ፣ የዱላዎን ጫፍ ለእጀታ ልቁረጠው?»

ወይራውን አገላብጠው አዩት። «ቁረጠው። አጠረብኝ ብዬ ማንን እከሳለሁ?»

በቢላ ጠረብኩት፤ በጋለ ብረት መሐሉን በሳሁት። የተሰበረውን ጉማጅ ፈትቼ አዲሱን በቡሎን አሰርኩ። ቡሎኑ ሁለቴ ወደቀብኝ።

«ቶርኖ ላይ ዱላ! ሰው ቢያይ ሊያርስበት ነው ይለናል» አለ ጋሼ። ግን መጥቶ ያዘው። ወደፊት አዞረው፣ ወደኋላ መለሰው። አልላላም።

ቱታውን አውልቆ ጋቢውን ለበሰ። ከዚያ እኔን አስነክቶኝ የማያውቀውን የብረት መለኪያ ካሊፐር ከቱታው ኪስ አወጣና አጠገቤ አስቀመጠው። ብቻዬን ዘንግ ልጬ አላውቅም። ከፀጉር የቀጠነ ያህል ከልክ በላይ ብነካው ብረቱ አበቃለት።

«ጋሼ፣ አንተ...»

«እኔ ሚካኤልን ልሳለም ነው። ከዚያም ማኅበር አለብኝ። ከዚህ ቤት ድምፅ ተሰማ ካሉኝ፣ ነፋስ ቆርቆሮውን እያንኳኳው ነው እላለሁ።»

«ልጁ ቢያበላሸውስ?» አሉ ባለወፍጮው፣ ባጠረው ዱላቸው ላይ ጎንበስ ብለው።

ጋሼ እጄን አየ፤ የወይራው እጀታ ላይ ነበር፣ በላብ ርሷል። ወጣ። በሩን ከውጭ ሳብ አድርጎ ዘጋው።