ጉና ላይ ስሜን የጠራኝ

መጀመሪያ የከዳኝ ጣቴ ነው። ጉና ተራራ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ የካፖርቴን ቁልፍ ልቆልፍ ብል እምቢ አለኝ። ቁልፉ ይታየኛል፣ ቀዳዳውም ይታየኛል፤ ጣቴ ግን የሌላ ሰው ጣት ሆነ። ሳቅ መጣብኝ። እንዲያ ያለቦታው መሳቅም ብርዱ ያመጣብኝ የሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው በክረምት ተራራ ለምትወጡ፣ በተለይም ልጆች ይዛችሁ ለምትወጡ ነው። እኔ ደብረ ታቦር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ተማሪዎቼን ጅብራ የሚባለውን ረጅም የተራራ ተክል ላሳያቸው አስቤ፣ መንገዱን አስቀድሜ ልየው ብዬ ከየሱፍ ጋር ወጣሁ። የሱፍ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጥ አብሮ አደጌ ነው። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመስሁም። የሱፍ ለራሱ ቆሎ ይዟል። ከካፖርቴ ሥር ጋቢ ደርቤአለሁ፤ የጥጥ ጋቢ ሲደርቅ ወዳጅ ነው፣ ሲርስ ግን ቅዝቃዜውን ታቅፎ አይለቅም።

ዝናብ መጣ፤ በረዶ ተከተለው፤ ከዚያ ጉም ወረደ። መንገዱ ጠፋን።

«እዚሁ ቁም፣ መንገዱን አይቼ መጣሁ» አለኝ የሱፍ። ሰምቼዋለሁ። አልቆምሁም። ለምን እንደተነሣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ «አስማረ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች።

በእኛ አገር በጉም ውስጥ ስምህ ቢጠራ፣ ጠሪውን በዓይንህ ሳታይ አቤት አይባልም፤ አቤት ያለውን ይወስደዋል ይባላል። ይህን ሳይነገረው ያደገ ልጅ የለም። ክፍል ገብቼ ስለ ሴል የማስተምረው እኔም ብሆን አልረሳሁትም።

ዝም አልሁ። መንቀጥቀጤ ቆመ። ደስ አለኝ። ሞቀኝ። በጣም ሞቀኝ። ካፖርቱን አወለቅሁ። ጋቢውን ጣልሁ። ጅብራዎቹ በጉሙ ውስጥ ቆመዋል፤ ቁመታቸው የሰው ነው። የሚያዩኝ መሰለኝ። ረጅሙ የጓሳ ሣር ውስጥ ገብቼ ተጣጥፌ ተኛሁ። መደበቅ ፈለግሁ። ከማን እንደሆነ አላውቅም።

«አስማረ!» አለ፤ አሁን ደግሞ በየሱፍ ድምፅ። ጭራሽ ድምፁን ለወጠ ብዬ አፌን በእጄ ያዝሁ። ቀረበ። እርጥቡን ሣር ሲረግጥ ሰማሁት። አጠገቤ ደረሰ። አለፈ። ራቀ።

ሞቴ ያን ጊዜ አጠገቤ ነበረች፤ እኔ ግን አመለጥሁ ብዬ ተነፈስሁ።

የሱፍ በኋላ እንደነገረኝ፣ መልስ ሲያጣ ቆም ብሎ አሰበ። የእኔ እናትና የእሱ እናት ጎረቤት ነበሩ፤ ያስተማሩንም አንድ ነገር ነው። ስሜን መጥራቱን ተወና ስድቡን ጀመረ።

«አንተ እግረ ቄጤማ! ዳገት ሲያይ የሚያለከልክ፣ ቁልቁለት ሲያይ የሚያለቅስ! አንተን ጋኔን ራሱ በነፃ አይወስድህም፣ ውጣ!»

ጋኔን እንዲህ አይሳደብም አልሁ በልቤ። «ምላስህን ይቁረጠው» ብዬ መለስሁለት። ድምፄን ተከትሎ መጣ።

ሲያገኘኝ ሸሚዜን ግማሹን አውልቄአለሁ። እርጥቡን ገፍፎ የራሱን የበግ ጠጉር ሹራብ አለበሰኝና አቅፎኝ ኡኡ አለ። ከሥር የሚኖሩ አያ ምንይችል የሚባሉ ገበሬ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደርሰው በቃሬዛ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስም ደራረቡልኝ።

«ትንሽ አረቄ ይቅመስ፣ ደሙ ይሙቅ» አሉ አያ።

«ይቅር ይበሉኝ አያ፣ እኔ አጠገቡ እያለሁ አረቄ አይቀመስም» አለ የሱፍ።

አረቄውን የከለከለው ሃይማኖቱ እንጂ ሕክምና ማወቁ አልነበረም። ይሁን፤ ተርፌበታለሁ።

ሆስፒታል ስነቃ ሐኪሟ አልጋዬ ዳር ቆማለች። «ሃይፖተርሚያ ነው» አለችኝ። «የሰውነት ሙቀት ሲወርድ አንጎል ይስታል። ሞቀኝ ማለትዎም፣ ልብስ ማውለቅዎም፣ መደበቅዎም የሕመሙ ነው። አረቄ ጠጥተው ቢሆን የቀረውም ሙቀት ያመልጥዎ ነበር።»

«የእናቴ ድምፅስ?» አልኋት።

ካርዴን እያየች «እሱም ሊሆን ይችላል» አለች። ሌላውን ሁሉ «ነው» ብላኝ፣ እሱን ብቻ «ሊሆን ይችላል» ማለቷ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር። የእግሬ ጣቶች ስሜታቸው እስኪመለስ እየነደዱና እየደነዘዙ ከረሙ፤ ጥቅምት ሲጠባ ግን በየማለዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በጋፋት የእግር መንገድ እየዞርሁ፣ መጀመሪያ እስከ እርሻው ዳር፣ ኋላም ፀሐይ ጀርባዬን እስክታሞቀው ድረስ እየራቅሁ፣ ሰውነቴን እንደገና ማመን ጀመርሁ።

የምመክራችሁ ይህን ነው። የምትጾሙ ከሆነ ጾማችሁን ጹሙ፣ ተራራው ግን ለሌላ ቀን ይቆይ። በጉም ውስጥ አትለያዩ። ፊሽካ ያዙ፤ ሲነፋ መልስ የግድ መሆኑን ሳትነሡ ተስማሙ። ጓደኛችሁ ምላሱ ሲተሳሰር፣ እግሩ ሲደናቀፍ ካያችሁ ጉዞውን ተዉት። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ራሱን ሸፍኑለት፣ ከሥሩም አንጥፉለት። መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ሻይ ስጡት። እጅ እግሩን አትሹት፣ እሳት ላይም አታስጠጉት። መንቀጥቀጡ ቆሞ ደህና ነኝ ካላችሁ አትመኑት፤ አታራምዱት፤ አጋድማችሁ በቀስታ ተሸክማችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ሐኪሟን፣ አያ ምንይችልንና የተሸከሙኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። የሱፍን ምን ብዬ እንደማመሰግነው አላውቅም። እኔ ከዳንሁ በኋላም እሱ ገና አልዳነም። አጠገቤ አልፎ እንደሄደ ከነገርሁት ቀን ጀምሮ፣ ከተማው ጉም በለበሰ ቁጥር ከሱቁ ደውሎ ስሜን ይጠራል።

«አቤት የሱፍ» እላለሁ።

«ምንም» ይልና ይዘጋል።